ድንኳን ይዘን ወደ የሎውስቶን

(ጃንዋሪ 24 ቀን 2026፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ ሐበሻ ወላጆች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ። ቡና የደረሳችሁ እየጠጣችሁ ስሙኝ፤ እኔም ስኒዬን ይዤ ነው የማወራው።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ። ሦስት ልጆች አሉን። ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጅ ሳመላልስ እከርማለሁ፤ ሰመር ሲመጣ ግን የራሴን ልጆች ከሞል የተሻለ ቦታ ወስጃቸው አላውቅም ነበር። በ2024 ጁላይ ላይ ከደብረ ብርሃን የመጣችውን እናቴን ጨምረን፣ ስድስት ሆነን፣ በአንድ ሲዬና መኪና ከሜሪላንድ ተነስተን የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ደርሰን ተመለስን። 20 ቀን ፈጀብን። ቆጣሪው ላይ ወደ 4800 ማይል ተጨመረ። አብዛኛውን ሌሊት ያደርነው ድንኳን ውስጥ ነው። እንዴት እንዳሰናዳነው ንገረን ስላላችሁኝ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

በድንኳኑ ልጀምር። የመጣ ቀን ልሞክረው ብዬ ጓሮ ተከልኩት። እናቴ ከሰዓት በኋላ ጋደም ብላ ነበር። ነቅታ በመስኮት ስታይ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። «ማን ነው የሞተው? ደብቃችሁኝ ነው አይደል?» አለች። እኛ ስንስቅ ይባስ ደነገጠች። መርዶ የያዘ ሰው መጀመሪያ ላይ ዘና ለማለት እንደሚሞክር ታውቃለቻ!

አልፈርድባትም። ለእኛ ድንኳን ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ የታቦት ማደሪያ ነው። ልጅ ይዞ ጫካ ውስጥ ለመተኛት ድንኳን መግዛት የፈረንጅ እብደት ይመስለናል። ከመካከላችን ደግሞ ድንኳንን ከሌላ ቦታ የሚያውቁት አሉ። ሱዳን ውስጥ በስደተኛ ካምፕ፣ በሸራ ስር ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። «አሜሪካ የመጣሁት ከዚያ ለመውጣት ነው፤ አሁን ገንዘብ ከፍዬ ልመለስበት?» ያለኝ ወዳጅ አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም። እንዲህ የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ አትጨቅጭቁት። ሆቴል ይዞ አብሯችሁ መሄድ ይችላል።

«ባህላችን አይደለም» ለሚለኝ ግን መልስ አለኝ። ከተማ የሚለው ቃላችን ራሱ ድሮ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን ከሰፈር ሰፈር ሲዘዋወሩ በድንኳን ነው የኖሩት። አዲስ አበባም ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ከሰፈሩ ሰዎች ነው የጀመረችው። ባለፈው ሰኞ ጥምቀት ነበር። አገር ቤት ሳላችሁ ከታቦቱ ጋር ሜዳ ላይ አድራችሁ አታውቁም? ካምፒንግ ማለት ያ ነው። ጋቢው አንድ ነው፣ ብርዱ አንድ ነው፣ እንቅልፍ ማጣቱም አንድ ነው።

እሺ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ። ጉዞ ስናስብ ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከምናየው ነገር ነው። ያንን ፍል ውሃ እናያለን፣ ያንን ተራራ እናያለን። ከዚያ ስልካችንን እንጠይቃለን፤ 2100 ማይል አካባቢ፣ ከ30 ሰዓት በላይ ይለናል። «ሁለት ሆነን ከተቀያየርን በሁለት ቀን እንገባለን» እንላለን። የሐበሻ ሒሳብ ነው ይሄ። ሌሊቱን አትላንታ ድረስ ነድቶ ጠዋት ሚዜ የሚሆን ሕዝብ ነን። ከልጅና ከእናት ጋር ግን አይሠራም። እኔ የምላችሁ የተገላቢጦሹን ነው፤ መጀመሪያ የምታድሩበትን ያዙ። የምታዩትን ማደሪያችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ለምን መሰላችሁ? የሎውስቶን ወደ 9000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ውስጡን የሚዞረው ዋናው መንገድ ብቻ 142 ማይል ይረዝማል፤ በስምንት ቁጥር ቅርጽ የተሠራ ነው። ፍጥነቱ በአብዛኛው ከ45 ማይል አይበልጥም። ያውም ጎሽ መንገድ ካልዘጋ ነው። በጎሽ ምክንያት አርባ ደቂቃ ቆመን እናውቃለን። ከበሩ ውጭ ሆቴል ይዛችሁ ካደራችሁ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ስትመላለሱ ቀኑ ያልቃል። ሆቴሉ ደግሞ በጁላይ ለአንድ ሌሊት ከ300 ዶላር በላይ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የካምፕ ቦታው እዚያው ፓርኩ ውስጥ ሆኖ፣ እኛ በሄድንባቸው ቦታዎች ከ20 እስከ 50 ዶላር ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚሻማው እሱን ነው።

ዛሬ የጠራኋችሁም ለዚህ ነው። የመንግሥቱ የቦታ መያዣ ገጽ ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ይባላል። ብዙዎቹ ቦታዎች የሚከፈቱት ልክ ከስድስት ወር በፊት ነው፣ በየቀኑ አንድ ቀን እየጨመረ። ዛሬ ጃንዋሪ 24 ነው። በጎረቤቱ ፓርክ በግራንድ ቲቶን ጁላይ 24 የሚገባበት ቦታ ዛሬ ጠዋት ተከፍቷል። ጥሩ ጥሩዎቹ ምናልባት እኛ እዚህ ወንበር ስንደረድር አልቀዋል። የሎውስቶን ውስጥ ደግሞ አምስቱን ትልልቅ ካምፖች የሚያስተዳድረው የግል ድርጅት ነው። የሱ ከዓመት በላይ ቀድሞ ይከፈታል። የቀሩትን ፓርኩ ራሱ ነው የሚይዛቸው።

ሰዓቱን ልብ በሉ። በእኛ በምሥራቁ ሰዓት ጠዋት 10 ላይ ነው የሚከፈተው። ለባለቤቴ ወንድም ደውዬ «እኔ አውቶቡስ ላይ ስለምሆን አንተ አስር ሰዓት ላይ ግባና ያዝልኝ» አልኩት። እሺ አለ። አሜሪካ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነበር። በሀበሻ አስር ሰዓት፣ ማለትም ከቀኑ 4 ላይ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲገባ አንድም ቦታ የለም። «ሙሉ ነው ይላል፣ ሰው ሁሉ አብዷል እንዴ?» ብሎ ደወለልኝ። እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሰዓት ስነግር «በፈረንጅ» የምትለዋን አልረሳም።

ቦታ ካጣችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ። ሰው ይሰርዛል። መሰረዝ 10 ዶላር ስለሚያስከፍል ብዙዎች እስከ መጨረሻው ይዘውት ይቆዩና በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ይለቁታል። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ላይ እረፍት ስታገኝ ገጹን እየከፈተች ታይ ነበር። የሎውስቶን ውስጥ ካደርንባቸው አምስት ሌሊቶች ሦስቱን ያገኘናቸው እንዲህ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ። በሀበሻ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የሎውስቶን ውስጥ በአንድ የካምፕ ቦታ ስድስት ሰው ነው የሚፈቀደው። እኛ ልክ ስድስት ነን። ሰባተኛ ዘመድ ከጨመራችሁ ሁለት ቦታ ልትይዙ ነው።

ቀኑን እንዴት እንደመረጥን ልንገራችሁ። ልጆቹ ትምህርት የሚጨርሱት ጁን አጋማሽ ላይ ነው። እናቴ ግን የሐዋርያትን ጾም ትጾማለች፤ እሱ የሚፈታው ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ ደግሞ ኦገስት 7 ይገባል። በሁለቱ ጾም መካከል 25 ቀን አለ። ጉዞውን እዚያ ውስጥ ከተትነው። የሎውስቶን በጁን መጀመሪያ በረዶ ሊጥል ስለሚችል መዘግየታችን ጠቅሞናል። ጁላይ ደግሞ ሰው የሚበዛበት ወር ነው፤ ሁሉም ነገር አንድ ላይ አይገኝም።

መንገዱን እንዲህ ከፋፈልነው። የመጀመሪያው ቀን ከባዱ ነው፤ ከዚህ እስከ ኢንዲያና ዱንስ ወደ 650 ማይል። ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ያለ የአሸዋ ኮረብታ ነው፤ ብሔራዊ ፓርክ የተባለው በ2019 ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ከሐይቁ ማዶ የቺካጎ ሕንፃዎች ይታያሉ። ሁለት ሌሊት አደርን። ልጆቹ ዋኙ፣ እኔ ተኛሁ። ቀጥሎ ሚኒሶታ ውስጥ አንድ የስቴት ፓርክ፣ ከዚያ ሳውዝ ዳኮታ ባድላንድስ ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ በዋዮሚንግ አድርገን የሎውስቶን አምስት ሌሊት፣ ከጎኑ ግራንድ ቲቶን ሁለት። ስንመለስ በኮሎራዶ በሮኪ ማውንቴን በኩል ዞርን። እዚያ በዚያ ዓመት የመግቢያውን ሰዓት ጭምር ቀድሞ መያዝ ነበረብን። ከኔብራስካ ወዲህ ግን ሆቴል ነው ያደርነው። ይህን አጥብቄ እመክራችኋለሁ። ሲሄዱ ድንኳን ደስ ይላል። ሲመለሱ ሰው የሚፈልገው ሻወር ነው።

አነዳዳችን ላይ ሦስት ደንብ አወጣን። ከመጀመሪያው ቀን በቀር በቀን ከ500 ማይል በላይ የለም (ሚኒሶታ ላይ አፈረስነው)። በየሁለት ሰዓቱ መቆም። ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ። ሦስተኛዋ ከሁሉ ትበልጣለች። በጨለማ ድንኳን የተከለ ባልና ሚስት ያውቃታል። አንዱ የስልክ መብራት ይይዛል፣ ሌላው ብረቱን ያጋጥማል፣ «እዚህ ያዝ አልኩህ» «የቱን?» እየተባባሉ የ15 ዓመት ትዳር ይፈተሻል። ደግሞ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ሰዓቱ ወደ ኋላ እየቀረ ሁለት ሰዓት ትተርፋላችሁ። ስትመለሱ ያቺኑ ሁለት ሰዓት ይወስዱባችኋል።

ባድላንድስ ላይ የደረሰብንን ላውራ። አገሩ ሜዳ ነው። ከሜዳው መሀል በውሃ የተቦረቦረ፣ መስመር መስመር ያለው የአፈር ገደል ድንገት ይከፈታል። ሲያዩት ያምራል። ዛፍ ግን የለም። ቀኑ በጣም ይሞቃል፣ ማታ ነፋስ ይነሳል። እኔ ጓሮዬ ላይ ስሞክር ድንኳኑ ያለ ካስማ ቀጥ ብሎ ስለቆመ፣ ካስማውን አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ መትቼ፣ የጎኑን ገመዶች ሳልወጥር ተኛሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነፋሱ መጣ። ሸራው ፊታችን ላይ ተኛ። አንዱ ምሰሶ ተሰበረ። ስድስታችንም መኪና ውስጥ ተቀምጠን ነጋ። ትንሿ ልጄ እስካሁን ከጉዞው ሁሉ ደስ ያላት ሌሊት ያ እንደሆነ ነው የምትናገረው፤ መኪና ውስጥ ቺፕስ ተበልቷላ። ስለዚህ ገመዶቹን በሙሉ ወጥሩ፣ ካስማውን ሰያፍ አድርጋችሁ ምቱ። መዶሻ አትርሱ። የተሰበረ ምሰሶ ላይ የሚሰካ አጭር ቱቦ ይሸጣል፤ ጥቂት ዶላር ነው፣ ግዙ።

እዚያው ባድላንድስ ውስጥ ሴጅ ክሪክ የሚባል በነፃ የሚታደርበት ካምፕ አለ። ቀድሞ የደረሰ ነው የሚይዘው። ጎሾች በድንኳኖቹ መካከል ያልፋሉ። ውሃ የለም፣ መንገዱም አስፋልት አይደለም። እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሽንት ቤቱ ነው፤ ጉድጓድ ነው ስላት ሌላኛውን መረጥን። እናንተም ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ ቦታ ስትመርጡ ዕይታውን ትታችሁ ስለ ሽንት ቤቱ አንብቡ። ከሽንት ቤቱ በጣም ሩቅም፣ በጣም ቅርብም አትሁኑ።

ስለ ምግብ ካወራሁ አላቆምም። ካምፕ የሚሄድ ፈረንጅ በከረጢት የታሸገ ደረቅ ምግብ ይገዛል። አንዷ ከረጢት ከ10 ዶላር በላይ ናት፣ ሙቅ ውሃ ጨምረህ ትበላለህ። እኛ ስንቅ የሚባል ነገር አለን! በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ። በቅሎ ላይ ተጭኖ አገር የዞረ ምግብ ነው። ማቀዝቀዣ አይፈልግም። እንጀራ በጁላይ ሙቀት ሦስተኛው ቀን ላይ መሻገት ይጀምራል። ባለቤቴ ከመነሳታችን በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ድርቆሽ ስታደርቅ ከረመች። ጠዋት ጠዋት የቋንጣ ፍርፍር፣ ማታ ሽሮ፣ መንገድ ላይ ቆሎ። ለልጆቹ ኑድል፤ አልዋሽም።

ትልቁ ፈተና ድብ ነው። የሎውስቶንም ግራንድ ቲቶንም ውስጥ ድብ አለ። ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ምግብ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ጥርስ ሳሙና፣ ቅባት፣ ማስቲካ ጭምር። ወይ በብረት ሣጥን ይቆለፋል፣ ወይ መስኮቱ ተዘግቶ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። አሁን የኛን ኩሽና አስቡት። በርበሬው፣ ንጥር ቅቤው፣ ኮረሪማው። የልጆቹ ልብስ ሳይቀር ይሸታል። ሽሮ የሠራንበትን ልብስ አውልቀን መኪና ውስጥ ነበር የምንቆልፈው። እናቴ ዕጣን ይዛ መጥታ ነበር። እሱም ብረት ሣጥን ገባ።

ቡናውን ግን አልተውነውም። ጀበናው በፎጣ ተጠቅልሎ ሄዶ በሰላም ተመልሷል። የምናፈላው በትንሿ ቡታጋዝ ነው። ባድላንድስ ውስጥ እንጨት ማንደድ ጨርሶ ክልክል ነው፤ ሌላውም ጋ ደረቅ ሲሆን ይከለክላሉ። ማገዶ ከዚህ ጭናችሁ አትሂዱ። በእንጨት ውስጥ ዛፍ የሚጨርስ ነፍሳት ከስቴት ስቴት ስለሚጓዝ፣ ማገዶ የሚገዛው እዚያው በሚነድበት አካባቢ ነው። ቡና ስንቆላ ደግሞ ጎረቤት ይመጣል። አንድ ሽማግሌ ከነ ወንበሩ መጥቶ ሦስተኛው ድረስ ጠጣ። በረካ ምን ማለት እንደሆነ ልጄ አስረዳችው።

ብርዱን አትናቁ። የሎውስቶን ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2357 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ነው። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ ምን ይሆናል ብዬ ነበር። 20 ዓመት ሜሪላንድ ቆላ ውስጥ ኖሬ ለካ ደጋነቴ አልቋል። በመጀመሪያው ቀን ራሴን አመመኝ። ውሃ በብዛት ጠጡ፣ የመጀመሪያውን ቀን ቀስ በሉ። ማታ በጁላይ ቴርሞሜትሩ ዜሮ አካባቢ ይወርዳል። ከመሬቱ የሚመጣው ብርድ ነው የሚገድለው፤ ከስር የሚነጠፈው ፍራሽ ከላይ ከሚለበሰው ይበልጣል። ጋቢ ውሰዱ፣ ግን ድንኳኑን እንዳይነካ፤ ጠዋት ሸራው ጤዛ ይቋጥርና ጋቢው ያንን ይጠጣል፣ አይደርቅም። ያልበረዳት እናቴ ብቻ ናት። «ይሄ ምን አለው፣ የደብረ ብርሃንን ኅዳር አላያችሁ» እያለች ትስቅብናለች።

እናቴ ገበሬ ቤት ነው ያደገችው። ጎሽ ስታይ «ይሄማ በሬ ነው» ብላ ቀረብ ማለት ጀመረች። ባለቤቴ ነጠላዋን ይዛ መለሰቻት። ሕጉ ከጎሽና ከአጋዘን 25 ያርድ፣ ከድብና ከተኩላ 100 ያርድ ራቁ ነው የሚለው። የሎውስቶን ውስጥ ከድብ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው ጎሽ ነው። የዋህ ይመስላል፤ ሲሮጥ ግን ከሰው ሦስት እጥፍ ይፈጥናል።

ከጎሹ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ፍል ውሃው ነው። እኛ ፍል ውሃ ሲባል ልብስ የምናወልቅ ሰዎች ነን። ወገብ ያመመው፣ ቁርጥማት የያዘው ሄዶ ይዘፈዘፋል። እናቴም ሰማያዊውን ውሃ፣ ብጫውን ዳር፣ የሚጨሰውን እንፋሎት አይታ «እግሬን ብቻ ልንከር» አለች። ያ ውሃ ለመፍላት ጥቂት የቀረው ነው፤ አንዳንዱ ፈልቷል። እዚያ ወድቀው ወይም ገብተው ተቃጥለው የሞቱ ከ20 በላይ ሰዎች አሉ። ዳር ያለው መሬት ጠንካራ ይመስላል እንጂ ስስ ቅርፊት ነው። ከእንጨት መሄጃው ንቅንቅ የለም። ትንንሽ ልጆችን በእጅ ያዙ፣ በቃል አትመኑ። ኦልድ ፌይዝፉል የሚባለው ፍል ውሃ በአማካይ በየ90 ደቂቃው ወደ ሰማይ ይተፋል፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ይለጠፋል። እሱ ሲፈነዳ እናቴ አማተበች፣ ከጎናችን የቆሙት አጨበጨቡ።

ገንዘቡን በአጭሩ። ቤንዚን ለአንድ መኪና በጋሎን 24 ማይል ብትሄዱ 200 ጋሎን ነው፤ በ3.50 ብናስበው 700 ዶላር። ጣሪያ ላይ ሣጥን ከጫናችሁ ከዚያ ይጨምራል። መግቢያ በየፓርኩ ለአንድ መኪና ከ25 እስከ 35 ዶላር ነው። ለሁሉም ፓርኮች የሚያገለግለው የዓመቱ ካርድ ለአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር ስለሆነ ከሦስተኛው ፓርክ ጀምሮ ትርፍ ነው። ዕድሜው 62 የሞላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው የዕድሜ ልኩን በ80 ዶላር ያወጣል። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ካላችሁ ደግሞ እሱ ራሱ ካርድ ነው። ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ቤተሰቡን በነፃ የሚያስገባ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከሴፕቴምበር እስከ ኦገስት መጨረሻ ይሠራል። የኛ ልጅ በዚያ ዓመት አራተኛ ክፍል ነበር። በየበሩ ወረቀቱን ራሱ በመስኮት ሲሰጥ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ነበር የሚመስለው።

እንግዳ ከአገር ቤት ለሚመጣባችሁ አዲስ ነገር አለ። ከዚህ ጃንዋሪ ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ፣ የዓመት ካርድም የሌለው፣ ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በ11 ታዋቂ ፓርኮች 100 ዶላር ተጨማሪ ይጠየቃል። የሎውስቶን፣ ግራንድ ቲቶንና ሮኪ ማውንቴን ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እኛ በሄድንበት ጊዜ አልነበረም። ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ገጽ አንብቡ። ፓስፖርታቸውን ቤት ጥላችሁ አትሂዱ፤ ግሪን ካርድ ያላችሁም ካርዱን ያዙ፣ ሕጉ ራሱ መያዝ አለባችሁ ይላል። «እስከዚህ ከመጣን ካናዳን እንይ» የሚል ሰው ይኖራል። የእንግዳችሁ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ዝም አስኙት።

ሁሌ የምትጠይቁኝን ልመልስ፤ «ጥቁር ሰው እዚያ እንዴት ነው?» በአንዳንድ ትንንሽ ከተሞች ቤንዚን ስንቀዳ አፍጥጠው ያዩን አሉ። የናቴ ነጠላ ይሁን ቀለማችን አላውቅም። ከመታየት ያለፈ ነገር ግን አልገጠመንም። ካምፑ ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሻሻና እንቅልፍ ያጣ ስለሆነ ይተዛዘናል። የሌላ ሰው ተሞክሮ ከኔ ሊለይ ይችላል። እኔ ቤንዚን ግማሽ ሳይደርስ እቀዳለሁ፣ ማታ አልነዳም፣ የምናድርበትን በየቀኑ ለወንድሜ እልክለታለሁ። የሎውስቶን ውስጥ በአብዛኛው ቦታ ኔትወርክ የለም፤ ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ትልቋ ልጃችን ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ኔትወርክ ስታጣ ሰው የሞተባት ነበር የምትመስለው። በሦስተኛው ቀን ከአያቷ ጋር ድርቆሽ ታርስ ጀመር።

እሷ ናት ከመነሳታችን በፊት ያነበበችውን መንገድ ላይ የነገረችን። ዩኔስኮ በ1978 መጀመሪያ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው 12 ቦታ ነው። የሎውስቶን አንዱ ነው። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እዚያው ዝርዝር ላይ ናቸው። መኪናው ውስጥ ዝም ተባለ። ከስድስታችን ሰሜን ተራራን ያየ ሰው የለም። እናቴም አላየችም። ከደብረ ብርሃን ተነስታ ውቅያኖስ ተሻግራ፣ ከሜሪላንድ 2100 ማይል ተነድታ ነው የመጀመሪያ ፓርኳን ያየችው። «እንግዲህ ስትመጡ እዚያ ትወስዱኛላችሁ» አለች፣ ከኋላ ወንበር፣ ቆሎ እየበላች።

ሴፕቴምበር ላይ ወደ አገሯ ስትመለስ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድላት ነበር፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ። አንደኛውን ስመዝን ከበደኝ። ከፈትኩት። ድንኳኑ ነው፤ ካስማው፣ ገመዱ፣ የተጠገነው ምሰሶ ሳይቀር ታጥፎ ተቀምጧል። «ለመንደሩ እድር ነው» አለች። «የኛ ሸራ ያፈሳል፤ ይሄ ዝናብ አያስገባም፣ አይቼዋለሁ።»

ስለዚህ እኔም ዘንድሮ ድንኳን ገዢ ነኝ። ላፕቶፕ ያመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ የጁላይ 25 ነገ ጠዋት 10 ሰዓት ላይ ይከፈታል። በፈረንጅ።